ከወንዙ ወዲያ ያለችው ወፍ

ስለ ወፍ ብሎ በሰው የቀና፣ በመንዝ ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ሰው በመሬት ይቀናል፣ በበግ ይቀናል፣ በሚስት ይቀናል። እኔ የቀናሁት እፍኝ በማትሞላ ወፍ ነው፤ ቅናቱም ይኸው ጡረታ ወጥቼ እንኳ አልለቀቀኝም።

ቤት መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ልጆቼ “አባባ፣ የሥራህን ነገር ጻፈው እንጂ፣ ዝም ብለህ ግድግዳ አትይ” እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ፊደል የቆጠርኩት ከቄስ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም ወደ እርሻ ተመለስኩ። ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው ማታ ማታ ተምሬ አራተኛ ክፍል የደረስኩት። እንግዲህ ነገሬ ወዲያና ወዲህ ቢል አንባቢ ይታገሠኝ።

መንግሥት በተለወጠ በማግስቱ ዓመት፣ ቀይት ከተማ አጠገብ በነበረ የችግኝ ጣቢያ በጥበቃነት ተቀጠርኩ። አለቃችን በየማለዳው በችግኙ መካከል እየተመላለሰ “ይቺን ማነው የረገጣት?” የሚል ሰው ነበር። የረገጣት ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ቀጥሎ ወደ መርሐቤቴ ቆላ አዛወሩኝ። ለደጋ ሰው ያ ሙቀት ከእስር አይለይም። ማመልከቻ ሳስጽፍ፣ ማመልከቻው ሲጠፋ፣ ሌላ ሳስጽፍ ከርሜ በመጨረሻ ወደ አገሬ መለሱኝ። ደሞዙን አላነሳውም፤ ጨውና አቡጀዲ ይገዛ ነበር።

የመለሱኝ ከሞላሌ ወዲህ፣ ደጋው አልቆ ወደ ቆላ በሚናድበት አፋፍ ላይ ወዳለው የጥድ ጫካ ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ከታችም አምጃ የሚባለው ቁጥቋጦ የተያያዘበት ጫካ ነው። ከጥዱ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል ነገር አለ፤ ጉም ሲመጣ ጫካው በሙሉ የሸበተ ይመስላል። በመካከሉ ትንሽ ወንዝ ይወርዳል። እኔ እስከ ጡረታዬ ከዚያ አልወጣሁም።

በዚያ ጫካ አብሮኝ የሚጠብቅ ሸዋንግዛው የሚባል ሰው ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ አበልጄ ነው። አበልጅ በአገራችን ከወንድም ይጠብቃል። ወንድም ከወንድሙ በርስት ይካሰሳል፤ ከአበልጅ ጋር መካሰስ ግን ነውር ነው፣ ማኩረፍም ነውር ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቅናቴ መውጫ በር ያልነበረው ስለሆነ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን የወረዳው ሰዎች አንድ ረጅም ሽማግሌ ይዘው መጡ። ጋሽ ተሰማ ይባላሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሙሽራና የመታወቂያ ጉርድ ሲያነሱ ኖረው፣ በስተርጅና ወፍ ማንሳት ጀመሩ። ለእንግዶች ማረፊያ ቤት ሊሠራ ነውና፣ በግድግዳው ላይ የሚሰቀል የጫካው ወፍ ምስል እንዲያዘጋጁ ተቀጥረው ነው የመጡት። “እነዚህ ሁለቱ መንገድ ያሳዩዎታል” ተባሉ። እነዚህ ሁለቱ እኔና አበልጄ ነን።

ጋሽ ተሰማ ከወፍ ሁሉ የሚወዷት አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረች። እኛ ስም አልነበረንላትም፤ ጥቃቅኑ ሁሉ ለኛ ወፍ ነው። እሳቸው “ዝንብ ያዥ” ይሏታል። ጀርባዋ አመድማ ቡኒ፣ ሆዷ ገርጣ ያለ፣ ዓይኗ ደግሞ ቢጫ ሆኖ የሰው ዓይን ያህል ትክ ብሎ የሚያይ ነው። ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ዝንብ ሲያልፍ ብር ትልና አየር ላይ “ቀጭ” አድርጋ ትይዘዋለች፤ ከዚያ ወደዚያችው ቅርንጫፍ ትመለሳለች። ሌላ ቅርንጫፍ ሞልቶ ሳለ ወደዚያችው።

እሳቸው ወደ ጫካ ሲገቡ መጀመሪያ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ብልጭታውን ወፍ አይወድም። ኮታቸውን ገልብጠው ይለብሳሉ፤ ቁልፉ እንዳያበራ ነው። አጎዛ አንጥፈው ይቀመጡና ካሜራውን በጋቢ ይጠቀልሉታል፤ ሲጫኑት የሚሰማው ድምፅ በጋቢው ውስጥ ይታፈናል። ከተቀመጡ በኋላ ቶሎ አያነሱም። ወፏ ሄዳ እስክትመለስ፣ እንደገና ሄዳ እስክትመለስ ዝም ይላሉ። “ወፏን አትከተላት፤ ቅርንጫፏን ያዝ። ቤቷ እሱ ነው” ይሉን ነበር። አንድም ቀን “አነሳሁ” ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ጥሩ ሲወጣላቸው “ሰጠን” ነው የሚሉት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለኛም ካሜራውን ያስይዙን ጀመር። ፊልም ውድ ነው፤ አንዱን ጥቅል ለኔ፣ አንዱን ለአበልጄ ሰጡን። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ጥቁር ዕቃ በእጄ ስይዝ ልቤ እንደ ሙሽራ መታ። ወጣሁ፣ ወፏን አገኘሁ፣ ተጫንኩ። ስትበር ተከተልኳት፣ ስታርፍ ተከተልኳት። ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ አንድም ቀን ባዶ እጄን የተመለስኩ አልመሰለኝም ነበር።

ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ መጣ። ጋሽ ተሰማ የኔን ምስሎች በጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደሯቸው። አንዱን አንስተው “ቆንጆ ቅርንጫፍ” አሉ። ሁለተኛውንም አንስተው “ይሄም ቆንጆ ቅርንጫፍ ነው።” ሦስተኛው ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ነበር። “ይቺ?”

“እሷ ናት ጋሼ፣ ስትሄድ።”

“ደህና ግቢ ብለሃታል።”

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። የነገሩኝን ቃል በቃል ሰምቼ ሳለ፣ ወፏ ስትነሳ ዓይኔ አብሯት ይነሳል፣ እጄም ዓይኔን ይከተላል። ከዚያ ሁሉ ፊልም አንዲት ወፍ አልወጣችም። ከጥቅሉ በላይ የቆጨኝ ግን የአበልጄ ምስሎች በቀጥታ ከኔ ቀጥለው መደርደራቸው ነው። እዚያ ውስጥ ወፏ አለች። ትንሽ ናት፣ ጠቆር ብላለች፤ ግን ዓይኗ ይታያል። ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብዙ አዩና “ሰጠን፣ ሸዋ” አሉ። ሸዋ! እኔን በሙሉ ስሜ ነው የሚጠሩኝ።

የባሰው ግን የሱፉ ነገር ነው። አበልጄ እጁ ሥራ ሳይፈታ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ጫካ ሲጠብቅም እንዝርት ይዞ የበግ ጠጉር ይፈትላል። ወፍ ስንጠብቅም አይተውም፤ እንዝርቱ ድምፅ የለውምና ጋሽ ተሰማም አይከለክሉትም። አንድ ማለዳ ሦስታችን ጥቁር ባና ለብሰን ወንዙ ዳር ተቀምጠናል። ዝንብ ያዧ መጣች። ከአበልጄ ራስ በላይ ካለው ቅርንጫፍ ቁልቁል አየችው። ከዚያ ወርዳ ጉልበቱ ላይ አረፈች። ከሚፈትለው ጠጉር ሳብ፣ ሳብ አድርጋ በአፏ ያዘችና ወደ ጫካው ገባች። ጎጆ መሥሪያ መሆኑ ነው።

እኔም ጎኑ ነበርኩ። እኔም ባና ለብሻለሁ፣ የኔም ባና የበግ ጠጉር ነው። ወደኔ ዞራ እንኳ አላየችም።

“ቀጠረችኝ መሰለኝ” አለ አበልጄ ቀስ ብሎ። ጋሽ ተሰማ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን እራት አልበላልህ አለኝ። ባለቤቴ አሰለፈች ነገሩን ስትሰማ “ሰው በሚስቱ ይቀናል፤ ያንተ ደግሞ ላባ ያላት ሆነች?” አለችኝ። “እኔ የማን ጉልበት ላይ ብቀመጥ ነው እራት የምትተወው?” አለችና ሳህኑን ወሰደችው።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ተሰማ አንድ ነገር ተናገሩ። ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ገደሉን መውጣት ከብዷቸዋል። ከኛ አንዱን በቦታቸው ለመተካት ከአለቆቹ ጋር ተነጋግረዋል። “ዝንብ ያዧ ጫጩቶቿን ስታጎርስ የሚያሳይ ምስል እስካሁን አላገኘሁም። ያንን ያመጣልኝ ሰው ካሜራውንም ሥራውንም ይረከበኛል። እኔ አላዳላም፤ ምስሉ ይፍረድ” አሉን። እሳቸው አላዳላም ሲሉ እኔ ግን ጉልበቱን አየሁ፤ ወፏ ያረፈችበትን።

በወሩ በሚካኤል ማኅበራችን ተሰበሰብን። የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን፣ አያ ደምሴ የሚባሉ በድንበር ዳኝነት የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ዳቦው ተባረከ፣ ጽዋው መዞር ጀመረ። የማኅበሩ ሕግ ይታወቃል፤ በማኅበርተኛው ላይ ቂም የያዘ ሰው ጽዋ አይጠጣም። እኔ ዘንድ ሲደርስ እጄ እምቢ አለኝ፤ ሳልቀምስ አሳለፍኩት።

“ምነው?” አሉ አያ ደምሴ። “ጽዋ ዘሎ አይሄድም። ቅራኔ አለህ?”

“አለኝ።”

“በማን?”

“በአበልጄ።”

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

“ድንበር ገፋህ?”

“አልገፋኝም።”

“በግህን ነካብህ?”

“ኧረ አያ፣ እሱ በግ የሚነካ ሰው አይደለም።”

“ታዲያ በምንድን ነው?”

“በወፍ ነው።”

ከበር አጠገብ አንዱ ጠላው ትን አለው። “የምትበላ ናት?” ብሎ ጠየቀ ሌላው።

“ዝንብ ነው የምትበላው” አልኩ።

አያ ደምሴ ግን አልሳቁም። ሁሉን አስነገሩኝ፣ የጉልበቱንም ነገር ሳይቀር። ከዚያ አሰብ አድርገው እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ “ሁለት ሰው አንድ ግጦሽ ላይ ከተጋፋ መፍትሔው አንድ ነው፤ ወሰን ይበጅለታል። ከወንዙ ወዲህ ያለው ወፍ ያንተ፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው የሱ። ካሜራውን ይዞ የሌላውን ድንበር በማን አለብኝነት የተሻገረ ማኅበሩን ደፈረ።”

“ወፏ ብትሻገርስ?” አለ አበልጄ።

“የሰው በሬ ማሳህ ውስጥ ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?”

“ነድቼ እመልሳለሁ።”

አያ ደምሴ ጭራቸውን አንዴ ወዘወዙና “እሷን አትንዳ። ራሷ ትመለስ” አሉ።

ተማማልን፣ ጽዋውን ጠጣሁ። በማግስቱ ወንዙ ዳር የወሰን ድንጋይ ሁሉ ተከልን። ጋሽ ተሰማ ሲሰሙ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲሻገሩ “ባለርስቱ፣ ልለፍ?” ብለው ፈቃድ ይጠይቁ ነበር።

ተመስገን ነው መቸም፤ ወፏ ስትውል የነበረው ከወንዙ ወዲህ፣ በኔ በኩል ነው። ጮቤ ረገጥኩ። ጎጆዋን ስትሠራ ግን ወንዙን ተሻግራ፣ ከወሰኑ ድንጋይ ጥቂት ርምጃ አለፍ ብላ፣ በአንዲት አሮጌ ወይራ ባላ ላይ ሠራችው። የጥዱን ጢም ሸምና፣ በውስጡ ጠጉር አንጥፋ። የማን ጠጉር እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ከኔ በኩል ሆኜ ሳይ የሚታየኝ የወይራው ጀርባ ነው። ወፏ ትገባለች፣ ትወጣለች፤ ጎጆው ውስጥ የምታደርገውን ግን ዛፉ ይጋርደኛል። የካሜራው ተራ የኔ በሆነባቸው ቀናት ቁጭ ብዬ ጀርባዋን አያለሁ።

ግንቦት ገባ። ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። ጋሽ ተሰማ ለሕክምና አዲስ አበባ ወረዱ፤ የካሜራውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያም ሊያሠሩት ይዘውት ሄዱ። ካሜራውን አንድ ፊልም ጎርሶ ለኛ ተዉልን። ወዲያው ደግሞ አበልጄ መርሐቤቴ ቆላ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ወባ ይዞት መጣና ተኛ።

እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱ። ካሜራው በእጄ ነው። ባለድንበሩ ታሟል። ጫጩቶቹ አድገው በጎጆው ከንፈር ላይ ቆመዋል፤ በወይራው ጎንና ጎን ክንፋቸውን ሲያርገበግቡ ከኔ በኩል እንኳ ይታያል። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይበራሉ። በመካከላችን አንዲት ዘልዬ የማልፋት ወንዝ አለች።

ወደ አበልጄ ቤት ሄድኩ። በሁለት ባና ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል።

“እግዜር ይማርህ አበልጄ።”

“አሜን። ምን አመጣህ?”

“ልሻገር ልጠይቅህ ነው። ሊበሩ ነው።”

“መጠየቅህ ደግ ነው” አለ። “አይሆንም።”

ባለቤቱ ከጓዳ “ኧረ ፍቀድለት አንተ ሰው፣ በወፍ ምክንያት ልትኮነን ነው?” አለችው።

“ከሞትኩ ይሻገር። እስክሞት ግን ወዲያ ማዶ የኔ ነው።” ወደኔ ዞረ። “በቅሎህን ይዘሃል?”

“ውጭ ናት።”

“አውጣኝ።”

ብተወው ጫጩቶቹ ይበራሉ፤ እሱም ባዶ፣ እኔም ባዶ፣ እኩል እንሆናለን። ይህ ደስ አላለኝም አልልም። ነገር ግን ያ ሁሉ ማጉረስ ማንም ከቅርብ ሳያየው እንዲያልፍ አልወደድኩም። ተሸክሜ አወጣሁት፣ በቅሎ ላይ አስቀመጥኩት፣ በአንድ እጄ ልጓሙን፣ በሌላው ወገቡን ይዤ እስከ ጫካው ወሰድኩት። በመንገድ ላይ “ቀስ በል” እና “ፍጠን” ብቻ ነበር የሚለኝ፤ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ።

የወይራው ፊት ለፊት ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ አምጃ። አበልጄን አስቀምጬ ዛፍ አስደገፍኩት። ካሜራውን ቢያነሳው እጁ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። ድንጋይ ላይ ቢያስደግፈው ዝቅ አለ። አየኝ።

“አበልጄ፣ ትከሻህን።”

“ምን?”

“ፊቴ ተቀመጥ። ወደኔ ዙር።”

ዞርኩ። ጀርባዬን ለወፏ ሰጥቼ፣ ፊቴን ለሱ፣ ጉልበት ለጉልበት ተገናኝተን ተቀመጥን። ካሜራውን ከነጋቢው ትከሻዬ ላይ አሳረፈው። ትኩሳቱ ፊቴን ይገርፈኛል፤ የዓይኑ ነጭ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኗል፤ ላቡ ከግንባሩ ወደ ጢሙ ይወርዳል። ስለዚያች ሰዓት የማውቀው ምስል ይህ ብቻ ነው።

ከኋላዬ ግን ሁሉም ይሰማኛል። ጫጩቶቹ በቀጭን ድምፅ ይለምናሉ። እናታቸው ስታልፍ የክንፏ ነፋስ ይሰማኛል። “ቀጭ” ሲል ዝንብ መያዟን አውቃለሁ፤ ልመናው ሲበረታ መድረሷን አውቃለሁ። አንገቴ ሊዞር ይታገለኛል፤ ከዞርኩ ካሜራው ይወድቃል። ጆሮዬ ሥር ታፍኖ “ጭቅ” አለ። ቆይቶ አንዴ ደገመ። ከዚያ አበልጄ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ ጣለና “ይበቃል” አለ። ስዞር እናቲቱ በእንቅስቃሴያችን ደንግጣ ሄዳለች። ወደ በቅሎው ተሸክሜው ተመለስኩ። ወባው ለቆት ዳነ፤ ጫጩቶቹ ግን በማግስቱ በረው አልነበሩም።

ፊልሙን አዲስ አበባ ላክንላቸው፤ ጋሽ ተሰማ አሳጥበው ምስሉን ይዘው ተመለሱ። እናቲቱ በጎጆው ከንፈር ላይ ዘንበል ብላለች፤ ሁለት ቢጫ አፎች ተከፍተዋል፤ ዝንቡ ከእናትየው አፍ ወጥቶ ወደ ልጁ ገና አልገባም። ክንፉ እንኳ ይቆጠራል።

“መቆሚያ ሳይኖርህ በምን አቆምከው?” አሉት።

“በአበልጄ” አለ።

ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ቃላቸው ቃል ነውና ካሜራውን ለሱ ሰጡት። እሱ ከዚያ በኋላ እስከ ሰሜን ድረስ ተጠርቶ ወፍ ያነሳ ሰው ሆነ፤ ኮቱን ገልብጦ መልበስም ለመደ። እኔ በጥበቃነቴ ቀረሁ። ምስሉ በእንግዶች ማረፊያ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩ ስሙ ተጽፏል። እንግዳ ባስገባሁ ቁጥር “ይቺን ማን አነሳት?” ይሉኛል፤ ስሙን እጠራለሁ። ስሙን ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የሚያንገበግበኝ ያየው ነገር ነው። እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው፤ እሱ ግን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ፊት ለፊት አይቷል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አጥሩ ሥር አረፍ አልን። ሁለታችንም አርጅተናል። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት።

“እንዴት ነበረች አበልጄ? ስታጎርስ?”

“ማን?”

“አታውቅም እንዴ? እሷ ናታ።”

ምርኩዙን መሬት ላይ ሲያሽከረክር ቆየ። “አላየኋትም” አለ።

“ተው እንጂ።”

“ትኩሳቱ ዓይኔን ጋርዶኝ ነበር። ወይራው ለኔ ጥቁር ነገር ነው። ሌላ አልታየኝም።”

“ታዲያ መቼ እንደምትጫን በምን አወቅህ?”

“በትከሻህ። ትንፋሽህ ከፍ ዝቅ ያደርገኝ ነበር። ልመናው በረታና አንተ ትንፋሽህን ያዝክ። ያኔ ተጫንኩ። ሁለተኛም ስትይዝ ሁለተኛ ተጫንኩ።” ተነሣና ነጠላውን አስተካከለ። “የነገርኩህ ስለጠየቅኸኝ ነው” ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሳወጣ ሳወርደው ሰነበትኩ። እውነት ይሆን? ወይስ ስንት ዘመን ሲበላኝ የኖረውን አውቆት፣ በእርጅናዬ እፎይ እንድል ያየውን አላየሁም አለኝ? እውነት ከሆነ ምስሉ የሁለታችን ነው። ውሸት ከሆነም፣ ዕድሜውን ሙሉ ካያቸው ሁሉ የበለጠውን ለኔ ብሎ ጣለው። እኔ ብሆን ኖሮ አይቼው አላየሁም የምል አይመስለኝም። አሁን ደግሞ በዚህ ቀናሁበት።